ከአዮ አልጋ በላይ የሚቀመጥ ውሃ

ነቀምቴ፣ መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ነመራ፣

አከም ጅርታ? የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እናትህ አዮም እኔም ደህና ነን። መልስ ስላዘገየሁብህ አትቀየመኝ፤ የፈተና ጊዜ ሆኖብኝ የተማሪ ወረቀት ሳርም ነው የከረምኩት።

ለጠየቅኸኝ ልመልስ። የእናትህ ጉልበት አልተሻለውም። ሐኪሙ እርጅና ነው ቢላቸው «ደረጃውን ገደል አድርጎ የሠራው ልጄ ነው፤ በዕድሜዬ ለምን ታሳብባለህ?» አሉት። ወደ ላይ መውጣት ስላቃታቸው ታች፣ በቆሎ እናስቀምጥበት የነበረውን ክፍል ለቅልቀን አልጋቸውን እዚያ አድርገናል። ሁለተኛውን ጥያቄህን ባጭሩ እመልሳለሁ። አዎን፣ ላይ ብቻዬን ነኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። በክሊኒኩ፣ በሽተኛ ተራ በሚጠብቅበት ክፍል ያለውን የመስታወት ገንዳ ታስታውሰዋለህ፤ ከዲዴሳ የተያዙት ዓሦች ያሉበት። ፈረንጁ ሐኪም በመስከረም ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። እሱ ገጠር ሲወጣ ዓሦቹን የምመግበው እኔ ስለሆንኩ፣ ገንዳውን ከነዓሦቹ ውሰጂው አለኝ። ላይኛው ክፍል በመስኮቱ በኩል ላስቀምጠው አሰብኩ። ታች ብርሃን የለም። ገንዳው ትልቅ ነው፤ አልጋችንን ያህላል ብልህ ያጋነንኩት ትንሽ ነው። ወለሉ ይችለዋል? የሠራኸው አንተ ነህና አንተን ሳልጠይቅ አላደርገውም።

ዓሣ ምን ያደርግልሻል እንዳትለኝ። አንተ ያ ክፍል ዝም ሲል ሰምተኸው አታውቅም። ስትሠራው መዶሻ ነበር፤ ከዚያ ሠርጉ ነበር፤ ከዚያ ሦስት ወር አንተ ነበርህ። የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲኖርበት ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያንተዋ ቀለሟ


ምጽዋ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ቀለሟ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዮስ እንደምን ናት? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። የመጋዘኑ ግድግዳ ወገብ ደርሷል። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ የለም፤ ብረቱ እጅ ያቃጥላል።

ባለፈው ሳምንት ወደብ ላይ አንድ ጭነት አውራጅ አህያውን በኦሮምኛ ሲሰድብ ሰምቼ በሩጫ ሄድኩ። የአርሲ ሰው ነው፤ ጃራ ይባላል። እዚህ ሲኖር ከአህያው በቀር ቋንቋውን የሚሰማለት አላገኘም። ሰላም ብለው «የሰደብኩት እሱን ነው፤ አንተ ለምን መጣህ?» አለኝ። ቆመን ስናወራ አህያው ጭነቱን እንደያዘ ጠፋ፤ ስንፈልገው አመሸን።

ስለ ገንዳው። እንደማስታውሰው ርዝመቱ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ወርዱና ከፍታው ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። ውሃው ብቻ አምስት ኩንታል ይመዝናል። መስታወቱና ብረቱ ሲጨመር ስድስት በይው። በሠርጋችን ቀን ቄሱ ከሄዱ በኋላ ያ ሁሉ ዘመድ የጨፈረበት ወለል ይህን እንዴት አይችልም ትይኝ ይሆናል። ሰው ጨፍሮ ይሄዳል። ውሃ ይቀመጣል። እንጨት የአንድ ቀን ሸክም አይከብደውም፤ የማይነሳ ሸክም ግን ቀስ እያለ ያጎብጠዋል፤ ሲጎብጥም አይጮህም።

ስለዚህ ታች ገብተሽ ቀና በይና ተመልከችልኝ። የዘረጋኋቸው እኔ ብሆንም ልካቸው ተምታቶብኛል፤ አግዳሚዎቹ ከየትኛው ግድግዳ ወደ የትኛው ተዘርግተዋል? በመካከላቸው ምን ያህል አለ? ምስጥ ነክቷቸው እንደሆነ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጊያቸው። ከዚያ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ እንዳታስቀምጪ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ከሥር የምትተኛው አዮ ናት።

በእኔ ቦታ ስድስት ኩንታል ውሃ ልታስገቢ መሆኑ ገብቶኛል። እኔ ያን ያህል አልመዝንም፤ ቅር አላለኝም።

ነመራ


ነቀምቴ፣ ግንቦት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ነመራ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ሁለተኛውን መጀመሪያ ስለከፈትኩት ለምን እንደተቆጣህ አልገባኝም ነበር። አልተቀየምኩም።

አግዳሚዎቹ ከመንገዱ ግድግዳ ወደ ጓሮው ግድግዳ የተዘረጉ ናቸው። በመካከላቸው ሦስት ስንዝር አለ። ስንዝሩ የእኔ ነው፤ የእጄን መጠን አትረሳም ብዬ ወደ ሜትር አልቀየርኩትም። ምስጥ የለም።

ወንበር ላይ ቆሜ ስለካ አዮ ከአልጋቸው ያዩኝ ነበር። «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ጣሪያዬን ምን አገኘሽበት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ዓሣ የሚበሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ዓሣ የሚቀልቡ ገና አሁን ሰማሁ» አሉ። ከዚያ «ይውጣ። እኔም ከሥር ሆኜ ውሃውን እሰማለሁ» አሉ።

ነገሩ ሰፈር ገባ። ባለሱቁ ወልደገብርኤል መጥቶ «ስድስት ኩንታል ጨው አለኝ። ላይ እንቆልለውና እንየው። ወለሉ ከያዘ ያዘ፤ ካልያዘም ጨው ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም» አለ።

«ከሥር ያለሁትስ?» አሉት አዮ።

«እርስዎማ በጨው ከተቀበሩ መቼም አይበላሹም፣ እማማ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ ግን ከሳቁ በኋላም ቆየ።

በሁለተኛው ደብዳቤህ ከገንዳው መሃል ሥር አንድ ምሰሶ ካልቆመ አይሆንም ያልከውን ለአዮ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ተጣላን። ቤት ውስጥ ምሰሶ የሚያቆመው የቤቱ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ መርቆት ነው የሚቆመው፤ በባዕድ እጅ የቆመ ምሰሶ ቤት ያፈርሳል እንጂ አይደግፍም አሉ። አናጺ ልጥራ ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ነመራ ይምጣና ያቁመው» ነው ያሉት። እንዳሉት ጻፍኩልህ።

እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ያንተዋ ቀለሟ


ምጽዋ፣ ሰኔ 11 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ቀለሟ፣

መምጣት አልችልም። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ዙሪያውን ስሄድ እንዳላደክምሽ ብዬ ነው።

አሠሪዬን፣ ጣሊያኑን፣ ጠየቅሁት። ውሉ እስከ መጪው ሚያዝያ ነው፤ መጋዘኑን ሳይጨርስ የሄደ ሠራተኛ ሁለተኛ በዚህ ወደብ ሥራ አያገኝም አለኝ። ምክንያቴን ሲጠይቀኝ ምሰሶ ላቆም ነው ማለት አፈርኩ። እናቴ ታማለች አልኩት። «ምን ያህል?» አለኝ። ጉልበቷን ብለው ሳቀ።

አቤራ የምንለው ጨመዳ ያባቴ ወንድም ነው፤ ባዕድ አይደለም። ኑኑ ቁምባ ድረስ ሰው ላኪበት። ደረቅ ጥቁር እንጨት ያምጣ። ምሰሶው መሬቱ ላይ እንዳይቆም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቅደም፤ አለበለዚያ ክረምት ሲገባ ይሰምጣል። ገንዳውን በጓሮው ግድግዳ አስጠግታችሁ፣ በአግዳሚዎቹ ላይ አጋድማችሁ አስቀምጡት። አዮንም ልጅሽ በአጎቱ እጅ ነው ያቆመው በያት።

ደብዳቤው የአለቃ ሆነብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የእጅሽን መጠን አልረሳሁም። ለክቼዋለሁ፤ ሳንቃ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌበት አልጋዬ አጠገብ አለ።

ነመራ


ነቀምቴ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ነመራ፣

አቤራ ጨመዳ በዝናብ መጡ። እንጨቱ ያማረ ነው፤ በበቅሎ አስጎትተው ነው ያመጡት። አዮ ግን በሩን አላሳልፍም አሉ።

«ጨመዳ፣ ወንድምህ ይህን ቤት ሲያቆም የት ነበርክና ነው ዛሬ ምሰሶ ይዘህ የመጣኸው?»

«ያኔ እኔን የምትጠይቂኝ ማር ነበር፤ ምሰሶ አልነበረም።»

«ማሩንስ መቼ አመጣህ?»

«አምጥቻለሁ። በልተሽ ረስተሽው ነው።»

እንዲህ ሲባባሉ አመሹና ራት አብረው በሉ። እንጨቱ ውጭ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። ማለዳ አቤራ ጨመዳ ሊሄዱ ሲሉ ለብቻዬ ጠርተው «ሳሏን አልወደድኩትም» አሉኝ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቷቸዋል። ይወስዳሉ።

ማታ እግራቸውን ሳሽላቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ምሰሶውማ ሰበብ ነው። ጣሪያው በራሴ ላይ ቢወድቅ ምን ይቀርብኛል? ልጄ በበሩ ሲገባ ጎንበስ ሲል ማየት ነው የፈለግሁት። ይህን ግን እንዳትጽፊለት፤ ከሥራው ታስነሺዋለሽ።»

እሺ አልኳቸው። ይኸው ጻፍኩት። ምን እንድታደርግ እንደሆነ አላውቅም። እሳቸው ምሰሶ ሰበብ አደረጉ፤ እኔም ዓሣ ሰበብ አድርጌአለሁ። ሁለታችንም የምንልህ አንድ ነው።

ያንተዋ ቀለሟ


ምጽዋ፣ መስከረም 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ቀለሟ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ይህ ያለ መልስ የምጽፍልሽ ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። ክረምቱ መንገድ ቆርጦ ይሆናል እያልኩ ራሴን አባብላለሁ።

በሐምሌ የጻፍሽልኝን አንብቤ ጣሊያኑ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አሁን ጣሪያ ላይ ነን፤ ጣሪያው እስኪያልቅ ታገሥ፣ ከዚያ ከሚያዝያ በፊትም ቢሆን እለቅህ ይሆናል አለኝ። እናም እየታገሥኩ ነው። ልክ አድርጌ እንደሆነ አላውቅም።

ለአዮ ከሕንዶቹ፣ ከባንያን ሱቅ አንድ ሻሽ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ልኬአለሁ። ቡናማ ነው፤ ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል ትላለች ብዬ ነው። ስታስሪላት ስለ ቀለሙ የምትለውን ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን።

ሐኪሙ የሚሄደው በዚህ ወር አይደለም? ገንዳው ወዴት ሊሆን ነው? ምሰሶው ካልቆመ አሁንም አይሆንም። ይህን ደግሜ ደግሜ ስልሽ አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ከዚህ ሆኜ ላደርግላት የምችለው ይህንኑ ብቻ ስለሆነ ነው።

አዮን ሳሚልኝ።

ነመራ


ነቀምቴ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ነመራ፣

አከም ጅርታ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎችህ ሁሉ ደርሰውኛል። ሻሹም ደርሷል። ባለመመለሴ ይቅርታ አድርግልኝ። ባኮ ላይ መንገዱ ተቆርጦ ፖስታ ቆሞ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ሲከፈት ሥራ በዛብኝ።

ሐኪሙ ሄደ። ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ሸኘው። ገንዳውን ማንም የሚያስቀምጥበት ስላልነበረ እኔ ወሰድኩት። ስምንት ሰው ነው ያወጣው። ወልደገብርኤል ታች ቆሞ «ወደ ቀኝ! ቀስ! መስታወቱን!» እያለ ሲያዝ፣ ሚስቱ ካሰች «አንተ ደግሞ ከድምፅህ በቀር የምታነሳው የለም» አለችው። አንድ ጥግ ተጫረ እንጂ አልተሰበረም።

በጓሮው ግድግዳ አስጠግቼ፣ በአግዳሚዎቹ ላይ አጋድሜ፣ ልክ እንዳልከኝ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በባልዲ ስሞላው ዋልኩ። ግማሽ ሲደርስ ወለሉ ጮኸ። ቆሜ ጠበቅሁ። ሌላ አልተሰማም። ሞላሁት። አሁን ከሞላ ቆይቷል፤ ወለሉም እንዳለ ነው።

ዓሦቹ መንገዱ አስደንግጧቸው ነበር፤ ሁለት ሞቱብኝ። የቀሩት ለመዱ። ትንሿ ከሌሎቹ ጋር አትበላም፤ ሁሉም ከጠገቡ በኋላ ብቅ ትላለች። አንዱ መስታወቱን እየተከተለ ከወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል፤ መውጫ የሚፈልግ ይመስላል ብዬ አዘንኩለት፤ ኋላ ግን ጥላውን እንደሚከተል አየሁ። የዳቦ ፍርፋሪ ይወዳሉ። ውሃውን በየሳምንቱ በከፊል መቀየር አለብኝ፤ ሐኪሙ እንዴት እንደሆነ አሳይቶኛል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ የውሃው ብርሃን ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ በአንተ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ። ያኔ እነሳለሁ።

ስለ ምሰሶው ለጠየቅኸኝ፣ አልቆመም። አቤራ ጨመዳ ያመጡት እንጨት ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው።

ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሃል። አቤራ ጨመዳም ሰላም ብለውሃል።

ያንተዋ ቀለሟ


ምጽዋ፣ ኅዳር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ቀለሟ፣

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ወለሉ ነው። ሥራዬ ነውና። ገንዳው ሞልቷል ብለሽኛል፤ ምሰሶው አልቆመም ብለሽኛል። ወረቀት አውጥቼ ሣልኩት። ላይ ውሃውን፣ በመሃል አግዳሚዎቹን፣ ታች አልጋውን። አልጋው ላይ ስደርስ እርሳሱን አስቀመጥኩ።

አንቺን አውቅሻለሁ። ምሰሶ ሳይቆም በእናቴ ራስ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አታሳድሪም። ሞልተሽው ከሆነ ከሥር የሚተኛ የለም።

መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም። አቤራ ጨመዳ ይህን ነግሮሻል፤ ሽማግሌዎቹም ቃል አስገብተውሽ ይሆናል። ቃልሽን አላፈረስሽም። አንድም ቦታ ስሟን አላነሳሽም። ደህና ናት ብሎ መዋሸት ስላልሆነልሽ ወረቀቱን በዓሣ ሞላሽው። እኔም የዓሦቹን ነገር ወድጄው ሳነብ ቆይቼ ነው ወደ ምሰሶው የደረስኩት። ራስሽን አትውቀሺ። የምወቅሰው ሰው ካለ ጣሪያው እስኪያልቅ የታገሠው ነው።

ማታ ጃራ መጣ። ነገርኩት። እናትህን አላውቃትም ብሎ አልተወኝም። በቋንቋችን አለቀሰላት። እኔም አለቀስኩ።

ለጣሊያኑ እንደምሄድ ነገርኩት። ውሉን አነሳብኝ። ውልህን ያዘው አልኩት።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ማታ፣ በአውቶቡስ እገባለሁ። ይህን ለአቤራ ጨመዳ ንገሪው። ወጉ በእኔ ምክንያት እንዳይፈርስ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ጎህ ሲቀድ ይምጡና ይንገሩኝ። እንደማያውቅ ሰው ቆሜ እሰማቸዋለሁ። እነሱም ይህን ተሸክመው ከርመዋል፤ የሚያወርዱበት ሰው ይፈልጋሉ።

የቅዳሜውን ማታ ግን ለእኔና ለአንቺ ተይልን። አትንገሪኝ። እኔም አልጠይቅሽም። ከመንገድ መጥቶ ሚስቱ ጋ እንደሚገባ ሰው አንድ ጊዜ ልግባ። ከእሑድ ጀምሮ ቤቱ የለቅሶ ነው፤ አንቺም የለቅሶ ቤት ሴት ነሽ፤ ዘመድ በዙሪያሽ ይቀመጣል፤ እጅሽን የምይዝበት ጊዜ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።

ይህ በእናት ላይ የሚሠራ ኃጢአት ከሆነ ንገሪኝ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር በቀጥታ እገናኛለሁ። መልስሽ ሳልነሳ ይደርስልኛል።

ነመራ


ነቀምቴ፣ ኅዳር 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ነመራ፣

ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ቄሱን አልጠየቅሁም። ታች የነበሩት እሳቸው ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ የሚሉትን ስላወቅሁት ልጽፈው አፈርኩ።

አቤራ ጨመዳ «ልጁ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ምንም አልጻፍኩለትም» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ከአውቶቡስ ሲወርድ እንቀበለው አሉ። አቤራ ጨመዳ ናቸው ያስቆሟቸው። «መንገደኛ ነው፤ በልቶ ይደር፤ የምንነግረው ነገር እስኪነጋ የትም አይሄድም» አሏቸው። እሑድ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። እንዴት እንደሆነ ያኔ እነሱ ይነግሩሃል፤ የቀረውን እኔ እነግርሃለሁ።

ጥቁር ልብስ ከለበስኩ ወራት ሆነኝ። ቅዳሜ ማታ አልለብሰውም። እሑድ መልሼ እለብሰዋለሁ። ካሰች አይታኝ የምትለውን ትበል።

አልጋቸውን አንተ ሳታየው ማንም አያነሳውም ተብሎ እንዳለ ነው።

ቅዳሜ ስትመጣ በጓሮው ዙር። ደረጃው ላይ ፋኖስ አንጠለጥልልሃለሁ። ከመንገድ ስትመጣ አስቀድመህ እሳቸው ጋ መግባት ልማድህ ነው፤ ሳታስበው እግርህ እንዳይወስድህ እፈራለሁ። የታችኛውን በር አታንኳኳ።

ቀለሟ